ተኝታ ለምታለቅስ ሕፃን ምላጭ

ጡረታ ማለት ስልክ ሲጮህ አለመደንገጥ ነው ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል! ብርድ ልብስና የምስጋና ወረቀት ተሸልሜ፣ የመሰናበቻ ዳቦ ተቆርሶልኝ፣ ከሞጣ ወደ ቢቸናው ቤቴ ከገባሁ ወር እንኳ ሳይሞላኝ ልጄ ሰናይት ደወለች። ሰናይት ሞጣ ነው ያገባችው፤ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ቤት ናት። ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«እማዬ፣ ሕፃኗ ተኝታ እያለች እየባነነች ታለቅሳለች። እትዬ እናኑ ‹እንጥሏ ወርዷል› ብለው ቆራጭ ልከውበታል። ለገበያ ሲወጣ ጎራ ይላል ተብሏል።»

እትዬ እናኑ የባሏ እናት ናቸው።

«ባልሽስ ምን ይላል?»

«‹እናቴ ካለች እኔ ምን እላለሁ› ይላል።»

አስተማሪ ነው እንግዲህ! ያውም ባዮሎጂ! የእንቁራሪት ጉሮሮ በጠመኔ እየሣለ የሚያስረዳ ሰው የልጁ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ «እናቴ ካለች» ይላል። ስልኩን ስዘጋ ደሜ ፈልቶ ነበር። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ስለፈልፍበት የኖርኩት ነገር ጡረታዬ ድረስ ተከትሎኝ፣ በገዛ ልጄ ቤት በር ገባ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። እንጥል ማለት ጉሮሯችን መግቢያ ላይ የምትንጠለጠለዋ ቁራጭ ሥጋ ናት። በእኛ አገር ሕፃን ካሳለው፣ ወተት ካስመለሰው፣ ሌሊት ከባነነ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ወረደች፣ አበጠች፣ ልጁን ልታንቀው ነው ይባልና ቆራጭ ይጠራል። ቆራጩ በፈረስ ጭራ ሸምቅቆ ወይም በምላጭ መልምሎ ይጥላታል። ወደ እኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ደሙ አልቆም ሲል ወይም ቁስሉ ሲመረቅዝ።

በማግሥቱ የሞጣን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ደግሞ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋለች። ልጁ እንቅልፍ ወስዶት ድንገት «እኝ» ሲል፣ ብድግ አድርጋ ትንጠው ጀመር። ከኋላ ያለችው «ጡት ስጪው» ትላታለች፤ ከፊት ያለው ሰውዬ «አማትቢበት» ይላታል። ልጁ ነቃና እሪ አለ። ይኼኔ ራሴን «ዝም በይ ጥሩወርቅ፣ ጡረታ ወጥተሻል» አልኩና ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። ግን እስቲ አሁን የተኛን ልጅ ቀስቅሶ ለምን አለቀስክ ማለት ምን ይባላል?

በነርስነት ቢቸና የተመደብኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። ሠላሳዎቹን ጀምሬ ነበር፤ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከጤፍ አልፎ ጫማ አይገዛም፤ ስለሱ ይህ ይበቃል። እዚያ የጠበቁኝ ሲስተር ዘይነባ የሚባሉ የደሴ ሰው ናቸው፤ የጤና ጣቢያው አንጋፋ ነርስ። ሥጋ ሲሆን እሳቸውም ለብቻቸው እኛም ለብቻችን፤ የጾም ሽሮ ሲሆን ግን ከእሳቸው ገበታ የሚቀር ሠራተኛ አልነበረም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ቁጣቸው በዓይናቸው ብቻ የሚታወቅ ሴት ነበሩ።

ሲስተር ዘይነባ ሕፃን ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ይታጠባሉ። ታጥበው፣ አድርቀው፣ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ይቆማሉ። አይነኩም። እኔ ቴርሞሜትር ይዤ ስጣደፍ «ቆይ» ይሉኛል። «እጅሽ ሲቸኩል ዓይንሽ አያይም።» መጀመሪያ አተነፋፈሱን፣ ቀጥሎ የፊቱን ቀለም ያያሉ። ከዚያ ልብሱን ሁሉ ያስወልቃሉ፤ አንዲት ጨርቅ አይቀርም። የአንገቱን እጥፋት፣ የጆሮውን ጀርባ፣ ብብቱን፣ ጭኑን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ።

ሦስት ሐኪም ቤት አዳርሳው የመጣች አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ልጇ አላቋርጥ ብሎ ያለቅሳል። ሁሉም ሽሮፕ ሰጥቷታል። ሲስተር ዘይነባ ካልሲውን አወለቁና እግሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡ። የእናቱ ፀጉር፣ አንዲት ዘለላ ፀጉር፣ ትንሿ ጣቱ ላይ ተጠምጥማ ሥጋው ውስጥ ገብታለች፤ ጣቱ እንደ ባቄላ አብጧል። በቀጭን መቀስ ቆርጠው አወጡለት። ልጁ ጡት ጎርሶ እዚያው ተኛ። እናቲቱ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል «ፀጉርሽን ሸብ አድርጊ» ብቻ አሏት።

«ያ ልጅ ሲያለቅስ ዓይኑን አይተሻል?» አሉኝ በኋላ። «ፍጥጥ ያለ ነበር። ዓይኑን ከፍቶ የሚያለቅስ ልጅ የእኔና የአንቺ ሥራ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያለቅሰውን ግን መርምረሽ፣ ትኩሳት እንደሌለው፣ ጡት በደንብ እንደሚጠባ አይተሽ፣ ከዚያ ተይው። የእንቅልፉ ነው።»

ይህን ለእናቶች በአፍ አይነግሩም፤ ያሳዩአቸዋል። «አጥቢውና አስተኚው» ይላሉ። ልጁ አግዳሚው ወንበር ላይ ይተኛል፤ ቤተሰቡ ዙሪያውን ይቀመጣል። ልጁ በእንቅልፉ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ፈገግ ይላል፤ ከንፈሩን ይመጠምጣል፤ ከዚያ ድንገት ዋይ! ይላል። እናት ትነሣለች፤ አያት ትነሣለች። «ቆዩ! ዓይኑ ተከፍቷል?» ይላሉ ሲስተር ዘይነባ። አልተከፈተም። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ያያል። ልጁ ትንሽ ያጉረመርምና እንቅልፉን ይቀጥላል። «አሁን ብታነሡት ኖሮ እናንተ ናችሁ የምታስለቅሱት» ብለው ይሄዳሉ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይህ ነገር አይዋጥለትም ነበር። ያ ዘመን የግምገማ ዘመን ነው፤ ሰው ቆሞ ይገመገማል። «ሲስተር ዘይነባ ወረፋ እየጠበቀ ሥራ ፈትተው ሕፃን ሲተኛ ያያሉ» ብሎ ሂስ አቀረበባቸው። ተነሡና «አዎ፣ አያለሁ» ብለው ተቀመጡ።

አንድ ልማዳቸው ግን አይገባኝም ነበር። ስለ ልጁ ከመጠየቃቸው በፊት እናቲቱን «ቤት ማን ማን አለ? ነገር ሲቆረጥ የማን ቃል ነው የሚሰማው?» ይላሉ። የወሎ ሰው ጨዋታ ይወዳል ብዬ አልፈው ነበር። ወረፋው እስከ በር ደርሶ እሳቸው ስለ አማት ስለ ምራት ሲያወሩ አንጀቴ ያርር ነበር። በኋላ እናታቸው ታመው ወደ ደሴ ተዛወሩ፤ ዓባይን ተሻግረው ሄዱ። እኔም ሞጣ ተመደብኩ።

ሞጣ ላይ ብርቄ መጣች። ከገጠር የመጣች ልጅ እግር ናት፣ የበኩር ልጇን አዝላለች። «ሌሊት ተኝቶ እያለ ይጮሃል፤ እንጥል ነው አሉኝ» አለች። ሲስተር ዘይነባ ያስተማሩኝን አንድም አላስቀረሁም። ልብሱን አስወለቅኩ። ትኩሳት የለው፣ ጆሮው ደህና፣ ሆዱ ልስልስ ያለ። የቁንጫ ንክሻ ብቻ አገኘሁ፤ መኝታውን ፀሐይ ላይ እንድታሰጣ ነገርኳት። አጠባችው፤ ተኛ። አብረን ተቀምጠን አየነው። ሲያለቅስ ልትነሣ ስትል «ቆይ» አልኳት። ልጁ ዝም ሲል አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «ወይ ጉድ! እኔኮ ሰይጣን መስሎኝ ነበር» አለች። ደስ ብሏት ሄደች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቀጣዩን ጠራሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የባሏ አባት ልጁን በጋቢ አቅፈው እየሮጡ ገቡ። ጋቢው በደም ርሷል። ልጁ ነጭ ሆኗል፤ ከንፈሩ ሳይቀር ነጭ። ያለኝን ሁሉ አደረግኩ። ጉሮሮውን በፋሻ ጫንኩ፣ ደም ሥር ፈለግኩ፣ አጣሁ፣ ደግሜ ፈለግኩ። አምቡላንስ በዚያን ጊዜ ከየት ይመጣል። እጄ ላይ አለፈ።

ብርቄ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። አልጮኸችም። «እኔማ ነገርኳቸው ሲስተር» አለች። «‹ዓይኑን እዩት› አልኳቸው። ማን ይሰማኛል?»

ከዚያች ቀን በኋላ ነው የሲስተር ዘይነባ ጥያቄ የገባኝ። ልጁን ያዘለችውን አስተማርኩ፤ ቆራጩን የምትጠራዋ ግን ቤት ተቀምጣለች። ያን ቀን የብርቄ አማት ውጪ አጥር ሥር ቆመው ነበር፤ እንደ እብድ ነው የጮኽኩባቸው እኔ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አድርገው አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ፤ ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ያለ አያቱ አልቀበልም አልኩ። ሞጣ ሁሉ ሳቀብኝ፤ «አማት ካላመጣችሁ አላይም የምትለዋ ሲስተር» አሉኝ። አግዳሚው በባልቴቶች ተሞላ። አለቃዬ ብቅ ብሎ «ጤና ጣቢያውን የዕድር ድንኳን አደረግሽው እኮ» ይለኛል። ባልቴቶቹም ቢሆኑ በጄ አይሉም፤ ግማሹ እያየ ያንቀላፋል፤ ግማሹ «የእኔ ልጅ እንዲህ አይደለም» ይላል። አንዳንዷ ግን ታያለች። ለእሷ ስል ታገሥኩ።

ስለ ሥልጠናውማ አታንሡብኝ። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች እየተባለ በየጊዜው አዳራሽ እንገባለን። ሻይ አለ፣ አበል አለ፣ ጭብጨባ አለ። አንዱ አሠልጣኝ ስለ እንጥል መቁረጥ ተናግሮ አዳራሹን አስለቀሰ። ወር ሳይሞላ የገዛ ልጁን አምጥቶልኝ አፉን ከፍቼ ሳይ፣ ባዶ! «ባለቤቴ ናት፤ እኔ መስክ ላይ ነበርኩ» አለኝ። አንቲባዮቲክ ጻፍኩለት።

ይህን ሁሉ ሳብሰለስል አውቶቡሱ ሞጣ ገባ። ሰናይት ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል። እትዬ እናኑ አክብረው ተቀበሉኝ። ሲስተርም እኔ፣ እንግዳም እኔ፣ ጓዳውን ሁሉ አወጡልኝ። ገና ሳልቀመጥ ግን «ልጅቱ እኮ ክርስትና አልተነሣችም» አሉ። «አንድ ነገር ብትሆንስ? እርስዎ ይጠየቁልኛል?»

ሕፃኗን አስወለቅኳት። መረመርኳት። ትኩሳት የለም፤ ጡት ላይ እንደ መዥገር ነው የምትጣበቀው፤ ክብደቷ ያስቀናል። «ደህና ናት» አልኩ።

«ደህና ልጅ ተኝቶ አያለቅስም።»

«ያለቅሳል።»

«የእኔዎቹ ከተቆረጡ በኋላ አላለቀሱም።»

«አደጉ፤ ተዉት። ሁሉም ይተወዋል እትዬ እናኑ!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉ። ይህን ሳይ ክው አልኩ፤ እኚያ የብርቄ አማት፣ አጥር ሥር የቆሙት፣ ፊቴ መጡብኝ። ደግሜ ልጮህ የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሃያ ምናምን ዓመት «ተዉ» ስል ኖሬ፣ ከእነዚያ ባልቴቶች አንዷን እንኳ የሚያስፈራት ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

«እስቲ ይንገሩኝ» አልኩ። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈራዎ?»

የነጠላቸውን ጥለት እያፍተለተሉ «የበኩሬ ወንድ ነበር» አሉ። «ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል። አማቴ ‹ይቆረጥ› አሉ። እኔ ልጅ ነኝ፤ አንጀቴ አልችል አለ፤ ይዤው እናቴ ቤት ሸሸሁ። እዚያ ሞተብኝ። ‹ሳታስቆርጪ ቀርተሽ ገደልሽው› አሉኝ። ሰዉም፣ አባቱም። ከዚያ በኋላ የወለድኳቸውን ሁሉ፣ የሰናይትን ባል ጭምር፣ ራሴ ይዤ ነው ያስቆረጥኩ። ፊቴን ሳላዞር።»

ሰናይት ሕፃኗን ይዛ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

«ሰውነቱ ይግል ነበር?» አልኩ።

«እንደ እሳት።»

«ጡት ይይዝ ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! ውሃም አልዋጠም።»

«እንግዲያ ታሞ ነው የሞተው እትዬ እናኑ። የሳንባ ምች ይሁን ሌላ፣ አሁን አላውቅም። ቢቆረጥ ኖሮ ግን አይድንም ነበር፤ ይብስበት ነበር። እርስዎ አልገደሉትም።»

አላመኑኝም። ዓይኔን ትክ ብለው አይተው «እርስዎ ሐኪም ነዎት፤ ሐኪም ያጽናናል» አሉና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው «ለማንኛውም ቆራጩ አያ ካሴ ለገበያ ቀን ይመጣሉ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ድርቅና! ራሴን ከግድግዳው ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ በኋላ ክርክር ተውኩ። ሕፃኗ ቀን ቀን በተኛች ቁጥር «እትዬ እናኑ፣ ይምጡ እስቲ» እላለሁ። መደቡ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እጄን ብብቴ ሥር እወሽቃለሁ። መጀመሪያ እሳቸው እንዝርታቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት፤ እንደማይመለከታቸው። ሕፃኗ ዋይ ስትል እንዝርቱን ጥለው ይነሣሉ። «ይቆዩ» እላለሁ። «ዓይኗ ተከፍቷል?» ሕፃኗ ከንፈሯን መጥምጣ ትተኛለች። እንደገና እንዝርት። አንድ ቀን እንዝርቱን ሳይዙ መጡ። ግን ቆራጩን ይቅሩ አላሉም። ሰናይት ጓዳ ስትገባ «እማዬ፣ እኔ ልጄን ይዤ ቢቸና ብሄድስ?» ትለኛለች፤ እኔም እንዳትሄጂ ልበላት ሂጂ፣ ቸገረኝ። እትዬ እናኑም እኮ አንድ ጊዜ እንዲሁ ሸሽተው ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። አያ ካሴ መጡ። በየቤቱ የሚከበሩ፣ ሲናገሩ የማይጮኹ ሽማግሌ ናቸው። የቆዳ ከረጢታቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ ሻይ ተቀዳላቸው። እኔን ሲያዩ ሳቅ አሉ።

«ሲስተር፣ ጡረታ ወጣች ብለውኝ ነበር። አሁንም አልተውሽንም?»

«እርስዎም እኮ አልተዉም» አልኳቸው። ሌላ የምናገረው ነበረኝ፤ ብዙ ነበረኝ። የብርቄን ልጅ ማን ቆረጠው ብዬ ልጠይቃቸው አስቤ፣ ምላሴን ነከስኩ። እዚህ ቤት ነገር የሚቆርጡት እትዬ እናኑ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መደቡ ላይ ሕፃኗ ራስጌ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ። ሰናይት ልጇ እግርጌ ቆማለች። ከአሁን በኋላ የሚሆነው ሁሉ በእሳቸው አንድ ቃል ላይ ነው።

ይኼኔ ሕፃኗ ባነነች። እስከዛሬ ካለቀሰችው ሁሉ የከፋ ለቅሶ ነበር፤ ጀርባዋን ለጥጣ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

«ይኸዋ!» አሉ አያ ካሴ፣ ከረጢታቸውን እየፈቱ።

እኔስ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ያን ሁሉ ዘመን «ቆዩ» ስል የኖርኩት ሴትዮ እጄ ከብብቴ ወጥቶ ወደ ሕፃኗ ሄደ! የገዛ እጄ! የልጅ ልጅ ሲሆን ትምህርቱም ልምዱም ለካ ገደል ይገባል። ልነካት ስንዝር ሲቀረኝ አንድ ደረቅ እጅ አንጓዬን ለቀም አድርጎ ያዘኝ።

«ይቆዩ እንጂ ሲስተር!» አሉኝ እትዬ እናኑ ተቆጥተው። «ዓይኗ እኮ አልተከፈተም።»

አያ ካሴ ከረጢቱን እንደያዙ ቀሩ። ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። ሕፃኗ አንዴ ደግማ አለቀሰች፤ ተንሰቀሰቀች፤ አጉረመረመች፤ ከንፈሯን መጠጥ መጠጥ አደረገችና ጭልጥ ብላ ተኛች። እትዬ እናኑ ጎንበስ ብለው ትንፋሿን አዳመጡ። በጀርባ እጃቸው ግንባሯን ነካ አደረጉ፤ አልጋለም። ከዚያ ቀና አሉ።

«አያ ካሴ» አሉ፣ «ሻይዎን ይጠጡ። ልጅቱ ተኝታለች፤ የሚቆረጥ የለም። ስላደከምንዎ ይቅር ይበሉን።»

ሽማግሌው ሻያቸውን ጠጡ። እኔን አንዴ አዩኝ፣ እትዬ እናኑን አንዴ አዩ፤ ከረጢታቸውን ቋጥረው መርቀው ወጡ። ነገ ሌላ ቤት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። አውቄም ምን አደርጋለሁ።

እትዬ እናኑ እጄን አልለቀቁትም ነበር። የተኛችውን ልጅ የሚያዩ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳያቸው ግን ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው ያለው። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም።

«የእኔው ልጅ ግን» አሉ፣ «ሲያለቅስ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር።»

እጃቸውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ሕፃኗ እስክትነቃ ድረስ እንዲሁ ተቀመጥን።